ክሪኬትን በሚመለከት ሰልችቶኝ የምመልሳቸው አስተያየቶች

ኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም ጀርባ ባለች ባዶ መሬት ቅዳሜ ከሰዓት ልጆችን ክሪኬት አለማምዳለሁ። እረፍት ላይ የአፍሪካ ማጣሪያ ጨዋታዎችን በስልኬ ሳሳያቸው ወላጆችና ባልደረቦቼ የስፖርት መምህራን ከኋላ ቆመው ያያሉ። ከዚያ ያው የለመድኩት ወሬ ይጀመራል። አንድ ጊዜ ጽፌው ልረፍ። ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

«ጨዋታው አምስት ቀን ይፈጃል።» አምስት ቀን የሚደርሰው ቴስት የሚባለው ዓይነት ነው። አዳጊዎቹ የአፍሪካ ቡድኖች የሚጫወቱት ቲ ትዌንቲ ነው፤ ለእያንዳንዱ ቡድን ቢበዛ 120 ኳስ ይወረወራል፣ ከምሳ በኋላ ተጀምሮ ሳይመሽ ያልቃል።

«ኦሊምፒክ ላይ የሌለ ስፖርት ምን ያደርጋል?» በ1900 ፓሪስ ላይ ነበር፣ በ2028 ሎስ አንጀለስ ላይ ይመለሳል።

«ይሄ እኮ የእኛው ገና ነው።» አይደለም። በገና ሁለቱም ወገን በትር ይዞ ሩሯን መሬት ለመሬት ያሳድዳታል። በክሪኬት የሚመታው አንዱ ወገን ብቻ ሲሆን ሌላው ይወረውራል፣ ይቀልባል።

«እንግሊዝ የገዛቻቸው አገሮች ጨዋታ ነው፤ እኛ ደግሞ አልተገዛንም።» ይህን የሚሉኝ ደረታቸውን ነፍተው ነው። በዓድዋ እኔም እኮራለሁ፤ ክርክሩ ግን አያስኬድም። ኔፓል ተገዝታ አታውቅም፤ ዛሬ ሕዝቧ ለክሪኬት ስታዲየም ሞልቶ ዛፍ ላይ ሳይቀር ይወጣል። ሩዋንዳን የገዙት ጀርመንና ቤልጂግ ናቸው። ክሪኬት እዚያ ሥር የሰደደው ከ1994ቱ የዘር ፍጅት በኋላ ከኡጋንዳና ከኬንያ የተመለሱ ስደተኞች ይዘውት ስለገቡ ነው። በ2023 ከ19 ዓመት በታች የሴቶች ዓለም ዋንጫ ላይ የሩዋንዳ ልጆች ዚምባብዌንም፣ የካሪቢያን ደሴቶች የጋራ ቡድን የሆነውን ዌስት ኢንዲስንም አሸንፈዋል። ደግሞስ የእግር ኳስ ሕግ በ1863 የተጻፈው የት ሆነና? ለንደን አይደለም? በዚህ ምክንያት ኳስ ያቆመ ኢትዮጵያዊ አላየሁም።

«የአፍሪካ ቡድኖች ተጫዋቾች እዚያ የሚኖሩ ሕንዶችና ፓኪስታኖች ናቸው» የሚለው በከፊል እውነት ነው፤ አንዳንድ ቡድኖች ውስጥ ብዙ አሉ። ግን በ2024 የቲ ትዌንቲ ዓለም ዋንጫ ኡጋንዳ ፓፑዋ ኒው ጊኒን ስታሸንፍ በወረወራቸው አራት ዙሮች (አንድ ዙር ስድስት ኳስ ነው) 4 ነጥብ ብቻ ተቆጥሮበት ሁለት መቺ ከጨዋታ ያስወጣው ፍራንክ ንሱቡጋ ኡጋንዳዊ ነው፤ ዕድሜውም 43 ነበር።

አሁን ወደሚያናድደኝ ልምጣ።

በ2024 መገባደጃ ናይጄሪያ ውስጥ በተካሄደ የዓለም ዋንጫ ማጣሪያ ናይጄሪያ 271 ነጥብ አስቆጠረች፤ ኮትዲቯር በጠቅላላው 7። ከዚያ አንድ ወር ቀደም ብሎ ናይሮቢ ላይ ዚምባብዌ ጋምቢያ ላይ 344 አስቆጥራ የጋምቢያን መቺዎች ሁሉ በ54 ነጥብ አስወጥታለች። ቪዲዮው በቴሌግራም ሲዞር አንድ ባልደረባዬ ስልኩን ይዞ ሜዳ ድረስ መጣ፦ «ቲቸር፣ ይሄም ውድድር ነው? እንዲህ ያሉት ቤታቸው ቢቀመጡ አይሻልም?»

አይሻልም። የኮትዲቯር ልጆች የመጀመሪያ ዓለም አቀፍ ውድድራቸውን መጫወታቸው ነበር። ከ2019 ጀምሮ የዓለም አቀፉ ክሪኬት ምክር ቤት አባል አገሮች የሚያደርጉት የወንዶች ቲ ትዌንቲ ሁሉ ሙሉ ዓለም አቀፍ ጨዋታ ነው፤ ውጤቱ መዝገብ ላይ ይሰፍራል። 7 ነጥብ ያማል። የሕንድም መቺዎች እኮ በ2020 አደሌድ ላይ ሁሉም በ36 ነጥብ ወጥተዋል፤ ከአውስትራሊያ ጋር የገጠመችውን ያንኑ ተከታታይ ውድድር ግን ሕንድ ጨርሳ 2 ለ 1 አሸነፈች። ኡጋንዳ በ2023 ናሚቢያ ላይ ዚምባብዌን ረትታ ነው ለዓለም ዋንጫ ያለፈችው። እዚያም በዌስት ኢንዲስ በ39 ነጥብ ወጥታለች። ታዲያ ኡጋንዳ ቤቷ ብትቀመጥ ይሻላት ነበር?

አፍጋኒስታንን ተመልከቱ። ጨዋታውን ብዙዎቹ የተማሩት ፓኪስታን ውስጥ፣ በስደተኞች ካምፕ ነው። በ2008 ጀርዚ በምትባል ደሴት የዓለም ሊግ አምስተኛ ምድብ ላይ፣ ማንም በማያያቸው ሜዳ፣ ከጀማሪ አገሮች ጋር ይጋጠሙ ነበር። በ2024 ዓለም ዋንጫ ግማሽ ፍጻሜ ደረሱ።

ከዚህ ሁሉ ይልቅ የራሳችን ታሪክ ይበቃን ነበር። በ1957 ካርቱም ላይ የመጀመሪያው የአፍሪካ ዋንጫ ሲካሄድ የተወዳደሩት ሦስት ቡድኖች ብቻ ናቸው፤ ግብፅ፣ ሱዳንና ኢትዮጵያ። ደቡብ አፍሪካ ስለታገደች እኛ ሳንጫወት ፍጻሜ ገባን፤ ግብፅም 4 ለ 0 አሸነፈችን። ያኔ «ይሄም ውድድር ነው?» ተብሎ ቢተው ኖሮ በ1962 አዲስ አበባ ላይ ያችኑ ግብፅ 4 ለ 2 ረትተን ዋንጫ ባላነሳን ነበር። የስፖርት መምህር ሆኖ ይህን የሚረሳ ሰው ይገርመኛል።

ከልጆቼ አንዷ ከትልልቆቹ ጋር ስትገጥም በመጀመሪያው ኳስ ትወጣ ነበር። ከእኩዮቿ ጋር ሳጫውታት መቆም ለመደች፤ አሁን ትልልቆቹም ሲወረውሩላት አትደነግጥም። ተቀራራቢ ቡድኖች የሚገናኙበት የቀጣና ውድድርም ለአገር የሚያደርገው ይህንኑ ነው።

«ሜዳ የለንም» ለሚሉኝ፦ የሩዋንዳው ጋሃንጋ ስታዲየም ከኪጋሊ ዳርቻ ላይ በ2017 ነው የተከፈተው፤ ያን ጊዜ አገሪቱ ክሪኬት መጫወት ከጀመረች ቆይታለች። ለልጆች ደግሞ ስታዲየም ጭራሽ አያስፈልግም። ከወርዋሪው ዊኬት (ዊኬት ማለት የተተከሉ ሦስት እንጨቶች ናቸው) እስከ መቺው ዊኬት 20 ሜትር ገደማ ለኩ፤ ለትንንሾቹ አሳጥሩት። ክረምት ላይ ጭቃው ስለማያስጫውት የመኪና ማቆሚያ ሲሚንቶውን ተጠቀሙ። ለዊኬት ከጉልበት ከፍ የሚሉ ሦስት እንጨቶች ይበቃሉ። መምቻውን ሰፈር ያለ አናጺ ይሠራዋል፤ ቀላል እንጨት ይምረጥ፣ ባሕር ዛፍ የልጅ ክንድ ይከብደዋል። ኳሱ የቴኒስ ኳስ ሆኖ በኤሌክትሪክ ናስትሮ ይጠቅለል፤ የፓኪስታን መንደር ልጆች የሚያድጉት በዚህ ነው። ትክክለኛው የክሪኬት ኳስ 160 ግራም ገደማ የሚመዝን ድንጋይ የመሰለ ነገር ስለሆነ ሄልሜትና የእግር መከላከያ ለሌለው ልጅ አትስጡ፤ ፊት የተመታ ልጅ አይቻለሁና። ምድር ቤት የሚኖሩትንም መስኮታቸው ከመሰበሩ በፊት አነጋግሯቸው።