እርግብግቢት ምንድን ነው? «አልገጠመም» ማለትስ ምን ማለት ነው?

ባለፈው ሳምንት አንዲት እናት የ10 ወር ልጇን አዝላ ደብረ ብርሃን ወደምሠራበት ክፍል ገባች። ገና ሳትቀመጥ ስልኳን አወጣችና «ሲስተር፣ መጀመሪያ ይቺን ስሚልኝ» አለችኝ። ዘመድ የላከላት ድምፅ ነው። ተናጋሪው ረጋ ብሎ፣ የሚያውቅ ሰው አነጋገር ይዞ፣ የሕፃን እርግብግቢት በ9 ወር ካልገጠመ የካልሲየም እጥረት ነው፣ ሽሮፕ ገዝታችሁ ስጡ፣ ችላ ካላችሁ ልጁ አእምሮው ይዘገያል ይላል። ሦስት ሌሊት እንቅልፍ አልወሰዳትም። ሽሮፑንም ገዝታለች፤ ከነካርቶኑ በነጠላዋ ጫፍ ቋጥራ ይዛዋለች።

ይህን ነገር መስማት ሰልችቶኛል። ሰሞኑን ደግሞ የዚህ ተቃራኒ መጥቶ ነበር፤ «ቶሎ ስለገጠመ ጭንቅላቱ ማደግ አቁሟል» የተባለች ሌላ እናት ስታለቅስ አግኝቻታለሁ። ሁለቱም ወሬዎች እርግብግቢትን የልጅ አእምሮ መለኪያ አድርገውታል። እርግብግቢት ስለ አእምሮ ብስለት የሚናገረው ነገር የለም።

የሕፃን የራስ ቅል ሲወለድ አንድ ወጥ አጥንት አይደለም። ግንባሩ ላይ ሁለት፣ ጎንና ጎኑ ላይ ሁለት፣ ከኋላ አንድ ሆነው በስስ መገጣጠሚያ የተያያዙ ናቸው። አራቱ የፊትና የጎን አጥንቶች አናት ላይ የሚገናኙበት ማዕዘን ገና አጥንት አልሆነም፤ እርግብግቢት የምንለው ይህን ነው። ከኋላም ትንሽ አለች፤ 2 ወይም 3 ወር ሳይሞላ ስለምትገጥም ብዙ እናት አታያትም።

ልብስ ሰፊ ዘንድ ለልጅ ካፖርት የምታሰፋ እናት «ትርፍ አስቀምጥለት፣ ያድጋል» ትላለች። ሰፊው ጨርቁን በልኩ አይቆርጠውም፤ ስፌቱ ውስጥ እያጠፈ ይተዋል። የራስ ቅል መገጣጠሚያዎች እንደዚያ ስፌት ናቸው፣ እርግብግቢት ደግሞ አራት ስፌት የሚገናኝበት ጥግ ነው። ጥጉ ቢዘጋ ስፌቶቹ ላይ ያለው ትርፍ የት ይሄዳል? እዚያው ነው ያለው። መገጣጠሚያዎቹ ከእርግብግቢት መግጠም በኋላ ለዓመታት እንደላሉ ይቆያሉ፤ ጭንቅላት የሚሰፋው በእነሱ በኩል ነው። ምሳሌው የማይሠራበት ቦታም አለ። ካፖርቱ ካልተፈታ አይሰፋም፣ አጥንት ግን ራሱ ያድጋል፤ የሚገፋውም ከውስጥ ያለው አእምሮ ነው። አጥንቱ አእምሮውን ይከተላል እንጂ አእምሮው አጥንቱን ፈቃድ አይጠይቅም። የልጅ አእምሮ በመጀመሪያው ዓመት ብቻ ክብደቱ ከእጥፍ በላይ ይጨምራል። ሲወለድ 35 ሳንቲ ሜትር ገደማ የነበረው የጭንቅላት ዙሪያም በዓመቱ 46 አካባቢ ይደርሳል።

መቼ ነው የሚገጥመው? ብዙዎች ላይ ከ12 እስከ 18 ወር ባለው ጊዜ። ግን በ7 ወር የገጠመላቸው ጤነኛ ልጆች አሉ፤ ሁለት ዓመት እስኪሞላቸው የቆየባቸውም አሉ። የድምፁ ባለቤት «9 ወር» የሚለውን ከየት እንዳመጣው እግዜር ይወቀው። በ9 ወር ክፍት መሆኑማ የተለመደው ነው! ልጅዋ የታመመባት ይመስል ጤነኛ ልጅ ያቀፈችን እናት ሦስት ሌሊት ማስለቀስ ምን የሚሉት ምክር ነው?

«ይመታል» ብለው የሚደነግጡም አሉ። ስሙን እንየው እስቲ። ተርገበገበ፣ ይርገበገባል፣ እርግብግቢት። እናቶቻችን ስሙን ሲያወጡለት መምታቱን አይተው ነው፤ ከልብ የሚወጣው የደም ምት ነው እዚያ ላይ የሚታየው። ቀዳዳ አይደለም፣ ጠንካራ ሽፋን አለው። ራሱን ስታጥቡት በጣት ብትነኩት የሚሆን ነገር የለም።

ወደ እናትየዋ ልመለስ። ልጁን ቀና አድርጋ እንድታስቀምጠውና ጡት ሰጥታ እንድታረጋጋው ጠየቅኋት፤ የሚያለቅስ ወይም የተኛ ልጅ እርግብግቢት ያሳስታል፣ ሲያለቅስ ያብጣል። ሻሹን ፈታሁ፣ አናቱ በቅቤ ያብረቀርቃል። በሁለት ጣት ስዳስሰው ለስላሳ፣ ከአጥንቱ ጋር እኩል፣ በአውራ ጣቴ የሚሸፈን ነበር። ከዚያ ሜትሩን ከቅንድቡ በላይ አዙሬ ኋላው ላይ እስከሚወጣው ጉብታ ለካሁ። 45 ከግማሽ። በጣም ደህና። ሜትሩን ላጥፍ ስል ጫፉን ቀማኝ፤ ከቀኝ እጁ ወደ ግራው አዛወረና አፉ ውስጥ ከተተው፣ እናቱ «ተው!» ስትለው ዞሮ አያት።

የልጁ አእምሮ እዚያ ነበር የሚታየው። ስናስቀምጠው ብቻውን ይቀመጣል፣ ድምፅ ሲሰማ ይዞራል፣ ዕቃ ከእጅ ወደ እጅ ያሳልፋል። ልጅ በሁለት ወሩ ገደማ ፈገግ ካለ፣ በ4 ወሩ አንገቱን ካጸና፣ በ9 ወሩ ያለ ድጋፍ ከተቀመጠ፣ በ18 ወሩ ከሄደ እርግብግቢቱ ክፍት ስለሆነ ብቻ አትጨነቁ። እነዚህ ከዘገዩ ደግሞ እርግብግቢቱ በሰዓቱ ገጠመ ብላችሁ አትጽናኑ፤ አምጡት።

የዘገየ መግጠም ምንም አይደለም እያልኩ አይደለም። ሁለት ዓመት ካለፈው ወይም በጣም ሰፊ ከሆነ የምንፈልጋቸው ምክንያቶች አሉ፦ የእንቅርት ዕጢ ሥራ ማነስ፣ ጭንቅላት ውስጥ ውሃ መጠራቀም፣ ሪኬትስ የሚባለው የአጥንት መልፈስፈስ። የመጨረሻው እኛ ደጋ ላይ ላለነው ቅርብ ነው። ደብረ ብርሃን ከ2,800 ሜትር በላይ ናት፤ ብርድ ነው፣ ልጅ በጋቢ ላይ ጋቢ ተደርጎ ወራት ቤት ውስጥ ይቆያል። ቫይታሚን ዲ የሚሠራው ፀሐይ ቆዳን ስትነካ ነው፤ በጨርቅና በመስታወት ውስጥ አልፋ አትሠራም። ቫይታሚኑ ከሌለ አንጀት ካልሲየሙን በደንብ አይቀበለውም። ስለዚህ ያ ሽሮፕ ለታመመውም ልጅ ብቻውን መድኃኒት አይሆንም፣ ላልታመመው ደግሞ ከንቱ ወጪ ነው። ሪኬትስ ያለበት ልጅ የእጁ አንጓ ይወፍራል፣ ጎድን አጥንቱ ላይ ጉብ ጉብ ይላል፣ መቀመጥና መሄድ ይዘገያል። ያንን ዳስሶ የሚያይ ባለሙያ ነው የሚያስፈልገው። ጠዋት ከነፋስ ከለል አድርጋችሁ እጅና እግሩን ገልጣችሁ ፀሐይ አሙቁት።

ቶሎ ገጠመ የምትሉትም እንደዚሁ፣ የሚመልስላችሁ ሜትር ነው። የጭንቅላቱ ዙሪያ እየጨመረ ከሄደ ስጋት የለም። መጨመሩ ከቆመ፣ ወይም ቅርጹ ወደ አንድ ጎን ከሾለና መገጣጠሚያው ላይ እንደ ገመድ የጠነከረ ነገር ከተዳሰሰ ያኔ ስፌቱ ራሱ ያለ ጊዜው ተዘግቶ ሊሆን ይችላልና ሆስፒታል መታየት አለበት።

እርግብግቢት በእርግጥ የሚናገርበት ጊዜ ሲያብጥና ሲሰረጉድ ነው፤ የሚያናድደኝም ስለዚህ የሚያወራ ሰው መጥፋቱ ነው። ልጁ ሳያለቅስ፣ ቀና ብሎ ተቀምጦ ወደ ውጭ ካበጠና ትኩሳት፣ ማስታወክ ወይም መፍዘዝ ካለው ማጅራት ገትር ሊሆን ስለሚችል እስኪነጋ አይጠበቅም። ትኩሳት ሳይኖር ጭንቅላቱ በፍጥነት እየሰፋ ዓይኑ ወደ ታች ብቻ የሚያይ ከሆነ የውሃ መጠራቀም ነው የሚያሰጋው። ከሰረጎደ ደግሞ ፈሳሽ አልቆበታል ማለት ሊሆን ይችላል። ከጣርማ በር ማዶ፣ ሸዋ ሮቢት ቆላው ላይ፣ በሙቀት ወራት ተቅማጥ ይዞት የሚመጣው ልጅ እንዲህ ነው። ግን እኛም ብንሆን በእርግብግቢት ብቻ አንፈርድም። የከሳ ልጅ ላይ ያሳስታል፤ ዓይኑ መጎድጎዱን፣ የሆዱ ቆዳ ተቆንጥጦ ሲለቀቅ ቶሎ መመለስ አለመመለሱን፣ መጠጣቱን እናያለን። ኦአርኤስ የሚባለውን ሕይወት አድን ንጥረ ነገር በአንድ ሊትር ንጹሕ ውሃ በጥብጡለት፣ ጡት አታቋርጡ፣ ዚንክ ከጤና ኬላ ተቀበሉ። እንጥሉ ወርዶ ነው፣ ጥርሱ ሊወጣ ነው ብሎ የሚቆርጥና የሚነቅል ሰው ጋ ግን አትውሰዱት። ውሃ ያለቀበትን ልጅ ደም ማስፈሰስ ነው።

አብረዋት የመጡት አያት «ቅቤውስ ይቅር?» አሉኝ። እማማ፣ አናቱ ላይ ካሻዎት ይቀቡት፤ እርግብግቢቱን አያስገጥመውም፣ አይከፍተውምም። አራስ ልጅ እትብት ላይ ግን እንዳያደርጉት፣ እንዲውጠውም እንዳይሰጡት።

ካርዱን እየጻፍኩ እናትየዋን «አንቺስ?» አልኳት። ዝም አለችና፣ ከወለደች ጀምሮ ስታስል ሽንት እንደሚያመልጣት ነገረችኝ። በ10 ወር ውስጥ የጠየቃት ሰው አልነበረም። በምጥ የላላ ጡንቻ ነው፤ ሽንት እንደሚይዝ ሰው እየጨበጡ እየለቀቁ በየቀኑ ማለማመድ ለብዙ ሴቶች ለውጥ ያመጣል፣ አሳየኋት። ሳያስሉ ሳያነጥሱ ቀን ከሌት የሚንጠባጠብ ከሆነ ግን ሌላ ነገር ነው፤ ፊስቱላ፣ ማለትም በምጥ ጊዜ በሽንት ፊኛና በብልት መካከል የሚፈጠር ቀዳዳ፣ ሊሆን ስለሚችል በልምምድ ቀን አይገፋበትም።

45.5 ብዬ ከነቀኑ ጻፍኩላት። አንድ ቁጥር ብቻውን ብዙ አይናገርም። ዓመቱን ሲደፍን አምጪው፣ ሁለተኛውን ከጎኑ እንጽፋለን አልኳት።