የሥራ ውጥረት መለኪያ ምንድን ነው?

ደብረ ብርሃን ላይ በኅዳር ጠዋት ሳይት የገባ ሰው በርሜሉ ላይ የጋገረውን ስስ በረዶ በአካፋ ሰብሮ ነው ውሃ የሚቀዳው። በዚያ ብርድ ሲሚንቶ የሚያቦካውን የቀን ሠራተኛ “ሥራው አያስጨንቅህም?” ብትሉት፣ ቀና ሳይል “ኧረ ተመስገን!” ይላችኋል። ዋሸ አይባልም፤ ለደኅንነት ጥያቄ የምንሰጠው መልስ ይኸው ነው። ከ“ተመስገን” ጀርባ ያለውን ለማወቅ አጠያየቁን መቀየር ያስፈልጋል። በብዛት የውጥረት መለኪያ የሚባለውም በዘዴ የተደረደረ መጠይቅ ነው።

በብዛት የሚሠራበት ሼልደን ኮኸን የተባለ አሜሪካዊ የሥነ ልቦና ተመራማሪ ከሁለት ባልደረቦቹ ጋር እ.ኤ.አ. በ1983 ያወጣው ነው። መጀመሪያ 14 ጥያቄ ነበረው፤ አሁን የሚዘወተረው ባለ 10ሩ ነው። ጥያቄዎቹ “አዎ” ወይም “አይ” አያሰኙም፤ “ስንት ጊዜ?” ነው የሚሉት። ባለፈው አንድ ወር ችግሩ ተደራርቦ ከአቅምህ በላይ የሆነብህ ስንት ጊዜ ነው? መልሱ ከ“በፍጹም” (0) እስከ “በጣም ብዙ ጊዜ” (4) ይሄዳል፤ ድምሩ ከ0 እስከ 40 ነው።

ስሕተት የሚበዛው ድመራው ላይ ነው። ከ10ሩ 4ቱ በበጎ የሚጠይቁ ናቸው፤ “ነገሮች እንዳሰብከው የሄዱልህ ስንት ጊዜ ነው?” እንደሚለው። የእነሱ ነጥብ ይገለበጣል፣ 4 የነበረው 0 ይሆናል። ፎርማኑ አጠገቡ ቆሞበት ቶሎ ለመገላገል ሁሉንም “3” ያለ ሠራተኛ ውጤቱ 22 ነው፤ መገልበጡን የረሳ ደማሪ ግን 30 ይሰጠዋል። ከዚህ በኋላ ሠንጠረዡ ቢያምር ምን ዋጋ አለው! ቁጥሩ በትክክል ቢደመርም የበሽታ ምርመራ ውጤት አይደለም፤ ሰዎችን ለማነጻጸር ነው የሚጠቅመው።

ደግሞ ይህ መጠይቅ ሥራን ለይቶ አይጠይቅም። የቤት ኪራዩም የልጅ ሕመሙም እዚያው ድምር ውስጥ ይገባል። ሥራውን ብቻ ለመለየት እ.ኤ.አ. በ1979 ሮበርት ካራሴክ የተባለ የሥራ ውጥረት ተመራማሪ ያቀረበው ሐሳብ ይረዳል፤ ሥራው የሚጭንብህ ምን ያህል ነው፣ በሥራው ላይ የመወሰን ሥልጣንህስ? ጫናው ከብዶ ሥልጣኑ ሲያንስ ውጥረቱ ይብሳል ይላል። ሶሌታ (የፎቁ የአርማታ ወለል) የሚሞላበትን ቀን አስቡት። ሚክሰሩ ከተነሳ አርማታው ሳይደርቅ ማለቅ አለበት፤ ምሳ አይታሰብም። መሐንዲሱም ይጨነቃል፣ ግን ሚክሰሩ ሳይነሳ ሙሌቱን ለነገ ማሳደር ይችላል። ባሬላ ተሸክሞ መወጣጫ ላይ ያለው ሰው ማረፍ እንኳ በራሱ ፈቃድ አይደለም። ለእኔ ከሁሉም የሚያሳዝነኝ ፎርማኑ ነው፤ ፌሮው የቀረው በሌላ ሰው ጥፋት፣ የሚጮኽበት እሱ ላይ።

መጠይቁን ወደ አማርኛ ሲመልሱም ጣጣ አለ። “ባለፈው ወር” ስትሉት ኅዳር አጋማሽ ላይ ያለ ሰው ጥቅምትን ብቻ አስቦ ይመልሳል፤ የተፈለገው ግን እስከ ዛሬ ያለው 30 ቀን ነው። ኅዳር 12 ላይ ከሆነ የምትጠይቁት፣ “ካለፈው ሚካኤል እስከ ዛሬ” ብትሉት ይገባዋል።