«ግራጫ ዝርዝር» ሲባል ምን ማለት ነው?

ኢትዮጵያ ከየካቲት 2009 እስከ ጥቅምት 2012 ዓ.ም. «ግራጫ ዝርዝር» ውስጥ ነበረች። ብዙ ሰው ማዕቀብ ይመስለዋል። አይደለም። ዝርዝሩን የሚያወጣው ፓሪስ የተቀመጠው ኤፍኤቲኤፍ የሚባለው፣ ሀገራት የቆሸሸ ገንዘብን (ከወንጀል የተገኘ ገንዘብን) እንዴት እንደሚቆጣጠሩ የሚከታተል ዓለም አቀፍ ቡድን ነው። መልእክቱም «ይህቺ ሀገር የቆሸሸ ገንዘብ የምትቆጣጠርበት መንገድ ክፍተት አለው፣ ለማስተካከል ቃል ገብታለች፣ እየተከታተልናት ነው» የሚል ነው። እነ ሰሜን ኮሪያና ኢራን ያሉበት ጥቁሩ ዝርዝር ሌላ ነው።

ታዲያ እኛን ምን አገባን? በጣም ያገባናል። የውጭ ባንክ ስሟ እዚያ የተጻፈባትን ሀገር ይጠነቀቃል። ለምሳሌ የመርካቶ አስመጪ ኤልሲ (ባንክ ለሻጩ ክፍያ ዋስ የሚሆንበትን ሰነድ) ከፍቶ፣ ዕቃው ቻይና ወደብ ላይ ቆሞ፣ መሃል ያለው ባንክ «የገንዘቡ ምንጭ ይገለጽልን» እያለ ወረቀት ሊያመላልስ ይችላል፤ ቀን በጨመረ ቁጥር ወጪው ይጨምራል፣ ያ ደግሞ የሳሙና ዋጋ ላይ ይመጣል።

ይህ ሁሉ ከኢንተርኔት ወንጀል ጋር ምን ያገናኘዋል? እዚሁ ላይ ይገናኛል። «ሽልማት ደርሶዎታል፣ የመጣልዎትን ኮድ ይንገሩኝ» ብሎ ከአንዲት እናት ብር የወሰደ ሌባ በራሱ ስም አያስቀምጠውም። በትንሽ ብር የሰው አካውንት ይከራያል። ከዚያ ወደ ሌላ፣ ከዚያም ወደ ሌላ። የቆሸሸ ገንዘብን ለመከላከል የወጣው ሕግ ወንጀል የሚለው ስርቆቱን ሳይሆን ምንጩን ለመደበቅ የሚደረገውን ይህን ማዘዋወር ነው። እና «አካውንትህን ለሁለት ቀን ልጠቀምበት፣ የሻይ እሰጥሃለሁ» የሚልህ ጓደኛ ካለ፣ በናትህ እምቢ በለው። ገንዘቡ ሲፈለግ መጀመሪያ የሚጠራው ያንተ ስም ነው።