በር ላይ የሚደረገው ፍተሻና ብርበራ አንድ አይደሉም

ቱሉ ዲምቱ ያሉ ጎረቤቶቼ፣ በተለይ ልጅ ዩኒቨርሲቲ ያስገቡት፣ አንድ ነገር ደጋግመው ይጠይቁኛል። «ልጃችንን ልንጠይቅ ስንሄድ በሩ ላይ የሚፈትሹን በምን መብታቸው ነው?» ተገቢ ጥያቄ ነው። ግራ የሚያጋባው ሁለት ቃል ስለሚደባለቅ ይመስለኛል፤ ፍተሻና ብርበራ።

ፍተሻ በር ላይ ያለው ነው። መታወቂያ ታሳያላችሁ፣ ቦርሳ ይከፈታል፣ ሴትን ሴት ትፈትሻለች፣ አለቀ። የሚፈለገው ስለትና መሣሪያ እንጂ የግል ጉዳያችሁ አይደለም።

ብርበራ ግን፣ ማለትም ማስረጃ ፍለጋ የሰውን ገላ፣ ቤት ወይም ንብረት መበርበር፣ ከበድ ይላል። በ1954 ዓ.ም. የወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ ለብርበራ በመርህ ደረጃ የፍርድ ቤት ማዘዣ ይጠይቃል፤ የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 26 ደግሞ ሰውነታችንን፣ ቤታችንንና ንብረታችንን ብቻ ሳይሆን በስልክ የምንለዋወጠውን መልእክት ጭምር ይጠብቃል፣ ገደብ የሚጣልበትም አስገዳጅ ሁኔታ ሲፈጠርና በሕግ መሠረት ነው። ስለዚህ ቦርሳ የፈተሸ ጥበቃ «እስቲ ቴሌግራምህን ክፈት» ሊል አይገባም። ይሄን ተማሪው ራሱ ቢያውቀው ደስ ይለኛል፣ ምክንያቱም ስልኬ ይነበባል ብሎ የሚፈራ ልጅ ክፍል ውስጥም ሐሳቡን አይናገርም። የከፍተኛ ትምህርት አዋጅ 1152/2011 ለዩኒቨርሲቲዎች የሰጠው የአካዳሚክ ነፃነትም የሚጎዳው እዚህ ጋ ነው።

እንግዳን በር ላይ መመዝገብ ችግር የለውም። መታወቂያችሁን ያዙ፣ ልጁ እስከ በር መጥቶ ቢቀበላችሁ ደግሞ ይቀላል። ከቦርሳ አልፎ ስልክ ከተጠየቃችሁ ግን በትህትና «በምን ትእዛዝ?» በሉ፣ የጥበቃ ኃላፊው እንዲጠራም ጠይቁ።