እርድ፣ እጣንና ሚጥሚጣ ለጉልበት ህመም፦ የተሳሳቱ አመለካከቶችና እውነታው

ጉልበቱን የሚያመው ሰው ምክር አያጣም። አንዱ እርድ ይለዋል፣ ሌላው እጣን፣ ሌላው ሚጥሚጣ። ሦስቱም ውስጥ እውነት አለ፤ ግን እንደሚወራው አይደለም። የማወራው በአጥንት ጫፎች ላይ ያለው ለስላሳ ሽፋን ሲሳሳ ስለሚመጣው ህመም ነው። ሐኪሞች ኦስቲዮአርትራይተስ ይሉታል።

«እርድ ወጥ ውስጥ ስለምንበላ ይበቃናል»

አይበቃም። ብግነትን፣ ማለትም የመገጣጠሚያን መቆጣትና ማበጥ፣ የሚቀንሰው ንጥረ ነገር ኩርኩሚን ይባላል፤ ከእርዱ ዱቄት ውስጥ 3 በመቶ ገደማ ብቻ ነው። በጉልበት ህመምተኞች ላይ በተደረጉ ሙከራዎች ብዙ ጊዜ የሚሰጠው በቀን 1,000 ሚሊግራም አካባቢ ነው። ይህን ከዱቄት ለማግኘት 10 የሻይ ማንኪያ ያህል እርድ ያስፈልጋል። ይህን ያህል እርድ የሚገባበት አልጫ ደግሞ የለም። ቢበላም ወደ ደም የሚገባው ጥቂት ነው። ለዚህ ነው ፋብሪካ የሚያዘጋጃቸው የእርድ እንክብሎች ላይ ቁንዶ በርበሬ የሚጨመረው። በሙከራዎቹ ህመም የቀነሰላቸው ሰዎች አሉ፤ ግን ብዙዎቹ ሙከራዎች ትንንሽና አጭር ጊዜ የቆዩ ናቸው።

«ተፈጥሮ ነው፣ አይጎዳም»

በጣም የሚያሳስበኝ ይሄኛው ነው። የእርድ እንክብል፣ በተለይ ቁንዶ በርበሬ ያለበት፣ የአንዳንድ ሰዎችን ጉበት ጎድቷል። ዋርፋሪን ከመሳሰሉ ደም ማቅጠኛዎች ጋር ሲወሰድ ደግሞ ደም የመፍሰስ አደጋን ሊጨምር ይችላል። እናቴ ደም ማቅጠኛ ትወስዳለች። እህቴ ከውጭ የእርድ እንክብል ስትልክላት ጠርሙሱን ይዘን ሐኪሟ ጋ ሄድን። «ይቅርብዎት» አሏት፤ ቀረ። እንክብሉን እየወሰዳችሁ ዓይናችሁ ቢጫ ከሆነ ወይም ሽንታችሁ ከጠቆረ ወዲያው አቁሙና ታከሙ።

«እጣን መታጠን ጉልበትን ያድናል»

እጣን ውስጥ ብግነትን የሚያበርዱ ቦስዌሊክ አሲዶች አሉ። የተሞከሩት ግን ከሙጫው ተለይተው ወጥተው፣ በእንክብል ተውጠው ነው እንጂ በጭስ አይደለም። ሙከራው በአብዛኛው የተደረገውም በህንዱ የእጣን ዛፍ ላይ ነው። የመተማና የሁመራው ዛፍ ዘመዱ ቢሆንም ሌላ ዝርያ ነው።

«ሚጥሚጣ በዘይት ለውሶ መቀባት ነው»

ቆዳ ይልጣል፣ ዓይን ያቃጥላል። የሚያቃጥለው ካፕሳይሲን ግን በልክ ተመጥኖ በቅባት መልክ ፋርማሲ ይሸጣል። የህመም መልእክት የሚያደርሱትን ነርቮች ያደነዝዛል። የአሜሪካ የሩማቶሎጂ ኮሌጅ በ2019 መመሪያው ለጉልበት ሊሞከር ይችላል ብሏል። ለእጅ ግን አልመከረም፤ አንዱ ምክንያት ከእጅ ወደ ዓይን ስለሚገባ ነው። በቀን ሦስት አራት ጊዜ፣ ለሳምንታት ሳይቋረጥ መቀባት አለበት። አንድ ቀን ተቀብተው «አልሠራም» የሚሉ ብዙ ናቸው።

«ያለቀውን ሽፋን ይመልሳል»

ይህን ማድረጉ የተረጋገጠ ተክል የለም።

«ቁርጥማት ሁሉ አንድ ነው»

አይደለም። መገጣጠሚያው በድንገት ቀልቶ ካበጠና ካተኮሰ፣ ወይም ጠዋት ጠዋት ከአንድ ሰዓት በላይ ግትር ብሎ ከቆየ፣ ሪህ ወይም ሌላ በሽታ ሊሆን ይችላል። ትኩሳት ካለው ደግሞ ኢንፌክሽን ሊሆን ስለሚችል በዚያው ቀን ሐኪም ይየው።