በጋዝ ፈርነስ ላይ የሐሰት ነበልባል ምልክት ምንድን ነው?

ቴርሞስታቱ ሙቀት ሳይጠይቅ ወይም የጋዝ ቫልቩ ገና ሳይከፈት የመቆጣጠሪያ ቦርዱ «ነበልባል አለ» ብሎ ካነበበ፣ ፈርነሱ (የቤት ማሞቂያው) አልነሳም ይልና የብልሽት ኮድ ያወጣል። በአሜሪካ ቤቶች ባሉት ፈርነሶች የኮዱ ፍቺ አብዛኛውን ጊዜ በበሩ ውስጠኛ ገጽ ላይ ተለጥፏል። እምቢታው ሕይወት ያድናል፤ ቦርዱ እሳት በሌለበት እሳት አለ ብሎ ቢያምን፣ ሳይቀጣጠል የሚፈሰውን ጋዝ የሚዘጋው አይኖርም።

ነበልባሉን የሚያየው ሴንሰር በሸክላ የተያዘ ቀጭን የብረት ዘንግ ነው። ቦርዱ ኤሲ (ተለዋዋጭ ጅረት) ይልክበታል፤ ነበልባሉ ዘንጉን ሲነካ ጅረቱ ወደ አንድ አቅጣጫ ያመዝንና ጥቂት ማይክሮአምፔር ዲሲ (ቀጥተኛ ጅረት) ይፈጠራል። ብዙውን ጊዜ ከ1 እስከ 6 ይነበባል፤ እሳት ከሌለ 0 መሆን አለበት።

ብዙ ሰው ኮዱን እንዳየ ዘንጉን መፈግፈግ ይጀምራል። ይህ የተገላቢጦሹ ብልሽት መድኃኒት ነው፦ የቆሸሸ ዘንግ ያለውን እሳት እንዳይታይ ያደርጋል እንጂ የሌለውን አያሳይም።

መጀመሪያ በማያ ቀዳዳው ውስጡን ይመልከቱ። የጋዝ ሽታ ካለ ግን ማብሪያ ማጥፊያ ሳይነኩ ወጥተው ከውጭ ይደውሉ። ሙቀት ሳይጠየቅ እሳቱ የሚነድ ከሆነ ምልክቱ ሐሰት አይደለም። የጋዙን መዝጊያ እጀታ ከቧንቧው ጋር መስቀለኛ እስኪሆን ያዙሩት፤ ፋኑ እየሠራ ከሆነ ፈርነሱ እስኪቀዘቅዝ ይተዉት። ከዚያ ባለሙያው በቫልቩ ተርሚናሎች ላይ ቮልቴጅ ይለካል። ሙቀት ሳይጠየቅ 24 ቮልት ከተገኘ ብዙ ጊዜ የቦርዱ ሪሌይ (በኤሌክትሪክ የሚሠራ ማብሪያ ማጥፊያ) ተጣብቋል። 0 ሆኖ ጋዝ ካሳለፈ ቫልቩ ራሱ አልዘጋም፤ ይቀየራል እንጂ አይጠገንም። አዲስ ቫልቭ ሲገባ መገጣጠሚያዎቹ በሳሙና ውሃ ይፈተሻሉ፣ የጋዙም ግፊት በማኖሜትር (በግፊት መለኪያ) እየታየ ይስተካከላል፤ ለተፈጥሮ ጋዝ የተለመደው 3.5 ኢንች የውሃ ዓምድ ነው፣ ትክክለኛው ቁጥር ግን በፈርነሱ ሰሌዳ ላይ ያለው ነው።

እሳት ከሌለ ኃይሉን ያጥፉ፣ የሴንሰሩን ሽቦ ከቦርዱ ይንቀሉ፣ ቴርሞስታቱን ዘግተው ኃይሉን ይመልሱ። ኮዱ ከተመለሰ ጥፋቱ በቦርዱ ነው፤ ውሃ የነካው ቦርድ ይህን ያደርጋል። ከጠፋ ሽቦውንና ዘንጉን ይመርምሩ፦ የተሰነጠቀ ሸክላ፣ የቀለጠ ልባስ፣ ከእሳት መለኮሻው ገመድ ጋር ተጠግቶ የሄደ ሽቦ።