«ጭቃ ነው እንጂ ብር አይደለም» እና ቡና ላይ የምሰማቸው ሌሎች ወሬዎች

አንድ ሰኞ ባቲ ገበያ ወርጄ ጠገራ ብር ከሚሸጡ አዛውንት ዘንድ ቆምኩ። አንገቴ ላይ ያለችውን የቅጠል ቅርጽ አዩና «ይቺን ማን አነጠረልሽ?» አሉኝ። «ራሴ ነኝ አባባ፣ ከብር ጭቃ» አልኳቸው። ከት ብለው ሳቁ። «ጭቃ ከሆነችማ ዝናብ እንዳይነካት!»

ደሴ ቤቴም ቡና በተፈላ ቁጥር ጨዋታው ከዚሁ ይጀምራል። እስቲ አንድ በአንድ እንያቸው።

«ጭቃ ነው፣ ብር አይደለም»

ያሳሳተን ስሙ ነው። ሲልቨር ክሌይ የሚሉት ነገር አፈር የሚባል የለበትም። እንደ ዱቄት የላመ ብር፣ ውሃ እና ማጣበቂያ ነው። እኔን ቢጠይቁኝ «የብር ሊጥ» እለው ነበር። በፈረንጆቹ 1990ዎቹ መጀመሪያ ጃፓን ውስጥ ሚትሱቢሺ ማቴሪያልስ ነው ያወጣው። እሳት ሲያገኘው ማጣበቂያው ተቃጥሎ ይጠፋል። የብሩ ቅንጣቶች ደግሞ ሳይቀልጡ እርስ በርስ ይያያዛሉ። የሚቀረው ከ1000 እጅ 999ኙ ብር የሆነ ጌጥ ነው።

«ንጹህ ብር ከፈለግሽ ጠገራ አቅልጪ»

ይቺ የአዛውንቱ ናት። የማርያ ቴሬዛ ጠገራ 28 ግራም ገደማ ይመዝናል። ከ1000 እጅ ብር የሆነው 833ቱ ነው፤ የቀረው በአብዛኛው መዳብ ነው። መዳቡ የተጨመረው ለማታለል አይደለም፣ ብርን ያጠነክረዋል። ግን በንጽህና ከሆነ የኔ ቅጠል ትበልጣለች። ላዩ ላይ ያለው 1780ም ሳንቲሙ ያን ዓመት ተሠራ ማለት አይደለም። ምስሏ ያለበት የኦስትሪያዋ ንግሥት ማርያ ቴሬዛ የሞተችው በፈረንጆቹ 1780 ነው፤ ከዚያ በኋላም ያችኑ ቁጥር እንደያዘ ሲታተም ኖሯል።

በጥንካሬ ግን አዛውንቱ እውነት አላቸው። የጭቃው ብር ውስጡ ጥቃቅን ቀዳዳዎች ይቀሩበታል። ንጹህ ብር ራሱም ለስላሳ ነው። ለጉትቻና ለአንገት ጌጥ ምንም አይል። ቀጭን አምባር ሥሪልኝ የምትለኝን ግን ወደ አንጥረኛ ነው የምልካት።

«ማግኔት ካልሳበው ብር ነው»

መዳብንም፣ ነሐስንም፣ አልሙኒየምንም ማግኔት አይስባቸውም። ጥብቅ አድርጎ ከሳበው ብር አለመሆኑን ታውቃላችሁ፣ በቃ።

«እሳቱ በበረታ ቁጥር ይጠነክራል»

አንጥረኛ ወናፍ የሚነፋው ብሩ እንዲቀልጥለት ነው። የኛ ግን ከቀለጠ አለቀ። ብር 962 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ላይ ይቀልጣል። ከተለመዱት የጭቃ ዓይነቶች አንዱ በምድጃ 650 ዲግሪ ላይ 30 ደቂቃ፣ 800 ላይ ደግሞ 5 ደቂቃ ይበቃዋል። ምድጃ የሌለን ነበልባል በሚተፋ ትንሽ የእጅ ጋዝ እንሠራለን። ክፍሉን ጨለም ማድረግ ነው፤ ጌጡ እንደ ብርቱካን ፈዘዝ ብሎ ሲቀላ፣ ቅላቱን ይዞ ጥቂት ደቂቃ ማቆየት። ላዩ እንደ መስታወት ማብረቅረቅ ከጀመረ እሳቱን ቶሎ ማራቅ። የመጀመሪያዋ ቅጠሌ ላይ ስግብግብ ብዬ ትንሽ ልጨምር አልኩ። አተር የምታክል ድቡልቡል ሆና ቀረች።

ከእሳቱ በፊት ደግሞ በደንብ ይድረቅ። ውስጡ እርጥበት ከቀረ እንፋሎቱ ያፈነዳዋል። እኔ እንጀራ ጋግሬ ስጨርስ ለብ ባለው ምጣድ ዳር አስቀምጠዋለሁ። ከዚያ መስታወት ላይ አድርጌ አነሳዋለሁ። መስታወቱ ጉም ከያዘ ገና ነው። አልሙኒየም ሰሃን ወይም ፎይል ላይ ግን አታድርቁት፤ አልሙኒየም እርጥቡን የብር ጭቃ ያበላሸዋል።

በዚያ ላይ ይኮማተራል። እንደ ጭቃው ዓይነት ከ100 እጅ ከ8 እስከ 12 ይቀንሳል። ዙሪያው 60 ሚሊ ሜትር እንዲሆን የፈለጋችሁትን ቀለበት 66 ወይም 67 አድርጋችሁ ጀምሩ።

«ከእሳት እያበራ ይወጣል»

ኖራ የተቀባ መስሎ ነው የሚወጣ! እህቴ የመጀመሪያዋን ጉትቻ አይታ «አመዱን አራግፊው እንጂ» አለችኝ። አመድ አይደለም፣ ቀለምም አይደለም፣ ብሩ ራሱ ነው። ላዩ በጣም ሻካራ ስለሆነ ብርሃኑን ወዲያና ወዲህ ይበትነዋል፣ ለዓይን ነጭ ይሆናል። በለስላሳ የነሐስ ብሩሽ፣ በሳሙና ውሃ ፈተግ ፈተግ ሲደረግ ሻካራው ይተኛል፤ ያኔ የምናውቀው የብር መልክ ብቅ ይላል። መስታወት ይምሰል ካላችሁ ላዩ በለሰለሰ ብረት ወይም አጌት በሚባለው ጠንካራ ድንጋይ ጫን ብላችሁ እሹት።

ዋናው ማለስለስ ግን ከእሳት በፊት ነው። ደረቅ ጭቃ ላይ ያለ ጭረት በብርጭቆ ወረቀት በአንድ ደቂቃ ይጠፋል። ብረት ከሆነ በኋላ ያንኑ ጭረት ለማጥፋት ክንድ ይዝላል። ከ400 ቁጥር ወረቀት ጀምሩ፣ 600፣ ከዚያ 1200፤ ቁጥሩ ሲጨምር ወረቀቱ ይልማል። የሚረግፈውን ዱቄት እንዳትጥሉ፤ ብር እኮ ነው! ትንሽ ውሃ ጠብ ሲደረግበት ስንጥቅ መድፈኛ ይሆናል።

«ከጠቆረ ሐሰተኛ ነው»

ለባሿ ታማ ነው የሚልም አለ። ብርን የሚያጠቁረው አየር ውስጥ ያለ የድኝ ትነት ነው። መዳብ ያለበት ብር ቶሎ ይጠቁራል፣ ንጹሁ ይዘገያል እንጂ አይቀርለትም። እኛማ ቅርጹ እንዲወጣ ሆን ብለን እናጠቁረዋለን። እንቁላል ቀቅሎ፣ ትኩሱን ከነአስኳሉ ከትፎ፣ ከጌጡ ጋር ላስቲክ ውስጥ ማሰር ነው። ከአስኳሉ የሚወጣው የድኝ ትነት ቀስ በቀስ ያጠቁረዋል። ከዚያ ከፍ ከፍ ያለውን ቦታ ብቻ ስትወለውሉት ጥቁሩ ስርጉድ ውስጥ ይቀራል፣ የቅጠሏ ጅማት አንድ በአንድ ይታያል።

አክስቴ ይህን ሳደርግ ደረሰችና ላስቲኩን አንስታ አየችው። «ወላሂ ይቺ ልጅ ለብርም እንቁላል ትቀቅላለች» አለች። ቀጥላም፣ «ሁዳዴ ሲገባስ በምን ልታጠቁሪው ነው?»